«እሸት ወባ ያመጣል» ላለች ተማሪ ምን ይመለስላታል?

ጥያቄ፦ «በምዕራብ ጎጃም ገጠር 7ኛና 8ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ አስተምራለሁ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አገር በቀል እውቀትን ከሳይንሱ ጋር አዋሕደን እንድናስተምር ይጠይቃል። እኔ እስካሁን ያደረግሁት ግን ‹አባቶቻችንም ያውቁ ነበር› ብሎ ወደ መጽሐፉ መመለስ ብቻ ነው። በቅርቡ ስለ ወባ ሳስተምር አንዲት ልጅ ‹አያቴ ወባ የሚመጣው የበቆሎ እሸት ስንበላ ነው ትላለች› አለች። ስህተት ነው አልኳት። ክፍሉ ሳቀባት፤ ከዚያ ወዲህ እጇን አታወጣም። ባልደረቦቼ ይህ ነገር አጉል እምነትን ክፍል ውስጥ ማስገባት ነው ይሉኛል። ወላጆች ደግሞ ትምህርት ቤቱ ንቆናል ይላሉ። አንዱንም ሳልዋሽ ሁለቱን እንዴት ላስተምር?»

መልስ፦

መምህር፣ ከልጅቷ እንጀምር፤ ለጥያቄዎ የሚሆነው መልስ በአብዛኛው እሷ በተናገረችው ውስጥ አለና።

አያትየዋ ያሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እሸት በደረሰ ጊዜ ወባ ይበዛል። ሁለተኛ፣ ወባውን የሚያመጣው እሸቱን መብላት ነው። እርስዎ «ስህተት ነው» ያሉት ሁለተኛውን ነበር፤ ክፍሉ የሰማው ግን ሁለቱም እንደወደቁ ነው። የመጀመሪያው እኮ እውነት ነው! በአገራችን ዋነኛው የወባ ወቅት ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ኩሬ ሲይዝ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። እሸቱም የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ነው። አያትየዋ መዝገብም ሆነ ሠንጠረዥ ሳይኖራቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ዐይናቸውን ከማሳውና ከቤታቸው ሳይነቅሉ ሁለት ነገሮች አብረው እንደሚመጡ ደርሰውበታል። ይህ ደግሞ ማንኛውም ተመራማሪ ሥራውን የሚጀምርበት ነገር ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ «የወቅት መገጣጠም ነው» ብለን እናልፈው ነበር። ግን አላበቃም። የወባ ትንኝ እጮች የሚመገቡት በውኃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር ነው። በቆሎ ሲያብብ ከወንዴው አበባ የሚረግፈውን ብናኝ ነፋስ እያነሳ በማሳው ዳርና ዳር ባሉ ኩሬዎች ላይ ይበትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ በኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት፣ ይህን ብናኝ ያገኙ የአኖፊለስ አራቢየንሲስ (አንዱ የወባ ትንኝ ዓይነት) እጮች ቶሎ እንደሚያድጉና ከእነሱ የሚወጡት ትንኞችም ገዘፍ እንደሚሉ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ እዚያው እርስዎ ባሉበት ምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬ አካባቢ፣ በቆሎ በብዛት የሚዘራባቸው ቦታዎች ጥቂት ከሚዘራባቸው በብዙ እጥፍ የበለጠ የወባ በሽተኛ እንዳለባቸው ታየ። ስለዚህ በቆሎና ወባ ዝምድና አላቸው። መንገዱ ግን በሆድ ሳይሆን በኩሬው በኩል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህንን ለልጆቹ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ወባ የሚመጣው ከረግረግ በሚነሳ መጥፎ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ረግረግ ባለበት ወባ መኖሩን በትክክል አይተዋል፤ ምክንያቱን ግን ስተዋል። ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ የልጅቷ አያት የቆሙት በጊዜያቸው የታወቁ ሐኪሞች በቆሙበት ስፍራ ነው። ልጅቷ ይህን በክፍሉ ፊት መስማት አለባት። በመጀመሪያው የሳይንስ ክፍለ ጊዜ «ባለፈው የተነሳውን ሐሳብ ቸኩለን አለፍነው፤ ዛሬ እንመርምረው» ብለው ይክፈቱት። ይቅርታ ብሎ ማስረዘም አያስፈልግም፤ ሐሳቧን የቀኑ ትምህርት ማድረጉ ይበቃል።

እንዴት ይመረመራል? ለማንኛውም አገር በቀል እውቀት አራት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ምን ታየ? ሰዎች በዚህ የተነሳ ምን ያደርጋሉ? ለምን እንዲህ ይሆናል ይላሉ? ምክንያቱ ያ ባይሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር? አራተኛዋ ጥያቄ ክፍሉን ትቀሰቅሳለች። ወባ ከእሸት ከሆነ ደጋ ላይ እሸት እየጠበሰ የሚበላው ሰው ለምን አይታመምም? ገና ጡት የሚጠባ፣ እሸት ያልቀመሰ ሕፃንስ ለምን ወባ ይይዘዋል? እሸት እየበላ አጎበር ውስጥ የሚተኛውስ? ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የ7ኛ ክፍል ልጆች በአሥር ደቂቃ ውስጥ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ራሳቸው የደረሱበትን ደግሞ ማታ ቤት ሲገቡ ለአያታቸው በአክብሮት ማስረዳት ይችላሉ።

ቀጥሎ መረጃ ይሰብስቡ። ከጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የወባ በሽተኞችን ወርኃዊ ቁጥር ይጠይቁ፤ ስም አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ብቻ። ልጆቹ ደግሞ ወላጆቻቸውን በቆሎው መቼ እንደሚያብብ፣ መቼ እሸት እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚደርቅ ይጠይቁ። ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ወር በወር ያስቀምጧቸው። ከማሳው አጠገብ ካለ ትንሽ ኩሬ በብርጭቆ ጠርሙስ ውኃ ቀድቶ እጮቹን ማየትም ይቻላል፤ የወባ ትንኝ እጭ በውኃው ገጽ ላይ ጋደም ብሎ ይንሳፈፋል፣ ሌላው ዓይነት ትንኝ ግን ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ውኃውን የሚቀዱት እርስዎ ይሁኑ፣ ሲጨርሱም ደረቅ መሬት ላይ ይድፉት። እጮቹ እስኪበሩ ድረስ ክፍል ውስጥ ማቆየት በፍጹም አይገባም።

ሁለተኛው ምሳሌዬ እንዶድ ነው፤ አገር በቀል እውቀትና ሳይንስ እንዴት እንደሚገናኙ ከዚህ የተሻለ ኢትዮጵያዊ ታሪክ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን ሕያው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዓመታት የፈጀ ምርምር ተከተለ። እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ቀንድ አውጣውንም የሚገድለው ይኸው ነው። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየቦታው የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች አወዳድረው ኢ-44 የተባለውን ብርቱ ዓይነት መረጡ። ሁለቱም በ1989 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም የሚጠራው በአክሊሉ ለማ ስም ነው።

ይህ ታሪክ በክፍል ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ «ሳይንቲስቱ አገኘ» ተብሎ ያልቃል። እባክዎ እንደዚያ አይንገሩት። እንዶድ የትኛው እንደሚያጸዳ፣ ፍሬው መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት ደርቆ እንደሚወቀጥ የሚያውቁት አጣቢዎቹ ናቸው። ያ እውቀት ባይኖር ወንዙ ዳር የሚታይ ነገር አይኖርም ነበር። የሳይንቲስቱ ድርሻ ደግሞ ከላይና ከታች ያለውን ማወዳደር፣ መጠኑን መለካት፣ ዓሣንና ሰውን ይጎዳ እንደሆነ መመርመር ነበር። ሁለቱንም ድርሻ ልጆቹ ለይተው ይጻፉት።

ሙከራው ቀላል ነው። አንድ እናት ይጋብዙና እንዶዱን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ያሳዩ። ከዚያ አንድ ማንኪያ የተወቀጠ ደረቅ እንዶድ በግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ፣ አንድ ማንኪያ ያልተወቀጠ ፍሬ በሌላው፣ የሳሙና ፍቅፋቂ በሦስተኛው አድርገው እኩል ያህል ጊዜ ይነቅንቁ። አረፋው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደደረሰና ከሩብ ሰዓት በኋላ ስንት እንደቀረ በማስመሪያ ይለኩ። ያልተወቀጠው ለምን እምብዛም አረፋ እንዳላወጣ ከመጽሐፉ በፊት እናትየዋ ያስረዱ። ጥንቃቄው ግን የማይታለፍ ነው፦ እንዶድ ሲዋጥ መርዝ ነው፣ ዐይንንም ክፉኛ ያቃጥላል፣ የተረፈው ወንዝ ከገባ ዓሣ ይገድላል። ቀንድ አውጣ ፍለጋ ልጆችን ወንዝ ውስጥ ማስገባትም አይታሰብ፤ የቢልሃርዝያ ትል በቆዳ በኩል የሚገባው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማምንበት ግን የእንጀራ ሊጥ ነው። አደጋ የለውም፣ ወጪ የለውም፣ እያንዳንዱ ልጅ ቤት አለ፣ መጽሐፉ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያንና ስለ አሲድ ከሚያስተምረውም ጋር በቀጥታ ይገጥማል። ሦስት ብርጭቆ ተመሳሳይ የጤፍ ሊጥ ያዘጋጁ። አንዱ እርሾ የገባበት፣ አንዱ ያልገባበት፣ አንዱ ደግሞ ቀድሞ የፈላና የቀዘቀዘ እርሾ የገባበት ይሁን። ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ሽታውን፣ አረፋውን፣ ከላይ ያቀረረውን ውኃ ይመዝግቡ። የአሲድ ወረቀት ከሌለ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለው ውኃውን ይጠቀሙበት፤ ሊጡ እየኮመጠጠ ሲሄድ ወይን ጠጁ ቀለም ወደ ቀይ ሮዝ ይሄዳል። እርሾ ያልገባበትም ዘግይቶ ይቦካል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ተሕዋስያኑ ከየት መጡ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ዱቄቱና ዕቃው ላይም እንዳሉ በዚያው ይማራሉ።

ከዚያ አብሲት ይምጣ። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተነሥቶ ውኃ ተጨምሮበት ይበስላል፣ ከዚያ ወደ ሊጡ ተመልሶ ሊጡ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። አብሲት ከተጣለበትና ካልተጣለበት ሊጥ የተጋገሩ ሁለት እንጀራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ተማሪዎቹ በአንድ ካሬ ኢንች ውስጥ ያሉትን ዐይኖች ይቁጠሩ። ጤፍ እንደ ስንዴ አየርን የሚይዝ ግሉተን የለውም። የበሰለው ስታርች ሊጡን ወፈር አድርጎ የአየሩን አረፋ ይይዝለታል፣ ለተሕዋስያኑም በቀላሉ የሚፈጭ ምግብ ይሆናል። እናቶቻችን ስታርች የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ይህን ችግር ፈትተውታል። መቼ እንደሚጣል፣ ምን ያህል እንደሚቀጥን፣ በቅዝቃዜ ወራት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚያውቁት በእጅና በአፍንጫ ነው። የሚመጡትን እናት «ሊጡ መድረሱን በምን ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቁና መልሳቸውን በራሳቸው ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ወዲያው ወደ መጽሐፍ ቋንቋ አይለውጡት። የሳይንሱን ቃል በሌላ ዓምድ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያስገቡት።

እዚህ ላይ ስለ መምህሩ አቀማመጥ አንድ ነገር ልበል። እናትየዋ ሲመጡ እርስዎ ከተማሪዎቹ ጋር ይቀመጡ፣ ደብተር ይዘው ይጻፉ። ወላጆች «ንቆናል» የሚሉት በመጽሐፍ ውስጥ ስላልተጠቀሱ አይደለም፤ ልጆቻቸው ፊት እንደ አዋቂ ተጠይቀው ስለማያውቁ ነው። ይህን ማስተካከል በማንኛውም ትምህርት ቤት ይቻላል።

አሁን ወደ ባልደረቦችዎ ስጋት እንምጣ፤ ስጋታቸው ባዶ አይደለም። አራቱ ጥያቄዎች ለማሞገስ ብቻ አይደሉም። የሕፃናትን ግግ ማውጣት እንውሰድ። የሚታየው ነገር እውነት ነው፦ በሕፃኑ ድድ ላይ ነጣ ያለ እብጠት አለ፣ በዚያው ዕድሜም ሕፃናት ትኩሳትና ተቅማጥ ይበዛባቸዋል። ያ እብጠት ግን ገና ያልወጣው ክራንቻ ጥርስ ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው ከቆሻሻ ውኃና ከምግብ የሚገባ ጀርም ነው። ግጉን ማውጣት ደም ያፈሳል፣ ቁስል ያመረቅዛል፣ በኋላ የሚተካውን ጥርስ ያበላሻል። እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ ነው። ይህንን ሲያስተምሩ «ሁሉም የየራሱ እውነት አለው» አይበሉ፤ ጎጂ ነው ይበሉ፣ ለምን እንደሆነም ያሳዩ። እንጀራውን የመረመረው ጥያቄ ግጉንም ሲመረምር ልጆቹ ሚዛኑ ለማንም እንደማያዳላ ያያሉ። ባልደረቦችዎን አንድ ክፍለ ጊዜ ጠርተው ይህን ቢያሳዩአቸው ከክርክር ይሻላል።

የማይነኩ ነገሮችም አሉ። ጠበል ይፈውሳል አይፈውስም ብሎ ክፍሉን ማከራከር የሳይንስ ትምህርት አይደለም፤ ክፍልዎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፣ የአንዱን እምነት ለሌላው መሳለቂያ ማድረግ ብቻ ይሆናል። የባህል መድኃኒት ቅመማ ደግሞ በሁለት ምክንያት ይቅር። አንደኛ፣ ልጆች ቤት ሄደው ይሞክሩታል። ሁለተኛ፣ እውቀቱ ባለቤት አለው። እንዶድን እንደ ምሳሌ ይውሰዱ፦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ዜብራ መስል የተባለውን የውኃ ቱቦ የሚዘጋ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ እንደሚገድል ተመዝግቦለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ወሰደበት። ልብስ አጣቢዎቹ ከዚያ መብት ድርሻ አልነበራቸውም። እኛም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በእውቀቱ ላይ መብት እንዳለው ደንግገናል። ተማሪዎችዎ ከሽማግሌ ወይም ከአዋቂ የሰሙትን ሲጽፉ ፈቃድ ይጠይቁ፣ «ይህን አትጻፉ» የተባለውን አይጻፉ።

«አዋሕዱ» የሚለው መመሪያ መምህራንን የሚያስጨንቅ ይመስለኛል፤ ሁለቱን አቅልጦ አንድ ማድረግ የሚጠበቅባቸው ይመስላቸዋል። በካናዳ ኬፕ ብሬተን ደሴት የሚኖረው የሚግማቅ ነባር ሕዝብ ሽማግሌዎች አልበርትና መርዲና ማርሻል ለዚህ የተሻለ መንገድ ሰጥተዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዛሬ ኬፕ ብሬተን ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም ከባዮሎጂ መምህርቷ ሼሪል ባርትሌት ጋር ሆነው የራሳቸውን ልጆች ወደ ሳይንስ የሚያመጣ ትምህርት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ሐሳቡን «በሁለት ዐይን ማየት» አሉት፦ በአንዱ ዐይን የአገሬውን እውቀት ብርታት፣ በሌላው የምዕራቡን ሳይንስ ብርታት እያዩ፣ ሁለቱን ዐይኖች አብሮ መጠቀም። አንዱ ዐይን ሌላውን አይተካውም፣ አንዱ ሌላውን እንዲያጸድቅለትም አይጠብቅም። እኔ የእርስዎን ክፍል የማስበው እንደዚህ ነው። የአያትየዋ ዐይን ማሳውንና ወቅቱን አየ፣ የማይክሮስኮፑ ዐይን እጩንና ተሕዋሱን አየ። በቆሎና ወባ የተገናኙበትን ኩሬ ለማየት ሁለቱም አስፈለጉ።

ለሒሳብ መምህሩ ባልደረባዎ አንዲት ሐሳብ ያድርሱልኝ። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ማስሊያ፣ የቀሪ ስሌት ማስተማሪያ ነው፤ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት በስሌቱ የሚገኙ ቁጥሮች ናቸው። 2016 ዓ.ም. ላይ 5500 ይደመር፣ 7516 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 11 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው 20 አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው 10 መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 የሚሆኑት ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ የክፍለ ጊዜው ሥራ ነው። ያቺ 11 ቀን የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት ናት፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ የሚመጣውም በእሷ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ተማሪ የራሱ ይሆናል።

የጊዜ ነገር ያሳስብዎታል፤ የክልላዊ ፈተናውም አለ። በየምዕራፉ አገር በቀል ነገር መፈለግ አያስፈልግም፤ በመንፈቅ ዓመት ሁለት ወይም ሦስት በደንብ የተሠሩ ትምህርቶች ይበቃሉ። ለመብራትና ለኤሌክትሪክ ዑደት የግድ የአያት ተረት ለማምጣት የሚደረገው ትግል ልጆቹንም አያከብርም፣ አያቶቹንም አያከብርም። እርሾ፣ ወባ፣ ቢልሃርዝያ፣ የአፈር መሸርሸር ግን መጽሐፉ ውስጥ አሉ፤ ስለዚህ የሚጨምሩት ጊዜ ትንሽ ነው። እርከንን ሲያስተምሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የኮንሶን የድንጋይ እርከን ከማሳየትዎ በፊት፣ የእርስዎ ቀበሌ ገበሬዎች ጎርፍ እንዴት እንደሚቀይሱ ይጠይቁ።

ፈተና ላይ ካልገባ ልጆቹ ቁም ነገር አይሉትም፤ ስለዚህ ያስገቡት። ለምሳሌ እንዲህ፦ «አንዲት እናት በብርድ ወራት ሊጡን ምድጃ አጠገብ ያስቀምጣሉ። ሀ. ይህን እንዲያደርጉ ያስቻላቸው ምን አይተው ነው? ለ. ተሕዋስያኑ ላይ ምን ይሆናል? ሐ. ሙቀቱ ሊጡን እንደሚያፈጥነው ለማረጋገጥ ምን ሙከራ ትሠራላችሁ? ምኑንስ እኩል ታደርጋላችሁ?» አምስት ነጥብ ከሰጡት ለ«ሀ» አንድ፣ ለ«ለ» ሁለት፣ ለ«ሐ» ሁለት ይስጡ። «ሀ»ን ባዶ ትቶ «ለ»ን ከመጽሐፉ በቃሉ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ አያገኝም፤ «ሀ»ን አሳምሮ ጽፎ «ሐ»ን የተወም አያገኝም።